ክፍላችን አሜሪካ የሆነበት ዓመት

ሽምብራ ሲቆላ ከሸተተኝ ትዝ የሚለኝ የአሜሪካ መንግሥት ነው። አትሳቁ። ባለፈው ለዘመድ ሠርግ ወዳደግሁባት መካነ ሰላም ሄጄ፣ ገና ከሚኒባሱ እንደወረድኩ፣ መናኸሪያው በር ላይ አንዲት ሴት ሽምብራ ስትቆላ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ሴትዮዋ "ምነው እህቴ፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። "ደህና ነኝ፤ ምርጫ ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። አንድ እፍኝ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና ፊቷን አዞረች። ቶሎ እንድሄድላት ይመስለኛል።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። የሲቪክስ አስተማሪያችን ቲቸር ጌታቸው ከደሴ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። ነገር ሲጥመው ጠመኔው ከእጁ እያመለጠ የፊት ዴስክ ላይ ያለውን ልጅ ይመታዋል። ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ጣታችንን ሲያቆረፍደው፣ እኛም ብብታችን ውስጥ ወትፈነው ስንንቀጠቀጥ ገባና "ስለ ምርጫ ሸምድዳችሁ ለፈተና ከምትተፉት አንድ መንፈቅ ኑሩት" አለን። "ከዛሬ ጀምሮ ይህ ክፍል አሜሪካ ነው።"

"ለምን የእኛው አገር አይሆንም?" አለ አንዱ።

"የራሳችሁ ከሆነ ትፈራላችሁ" አለ ቲቸር። "የሩቁን ግን ትደፍሩታላችሁ።"

ክፍሉ ስድስት ረድፍ ዴስክ ነበረው። እያንዳንዱ ረድፍ ስቴት ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ስቴቱ ትልቅ ቢሆን ትንሽ ለሴኔት የሚልከው ሁለት ሰው ነው ስለተባለ፣ ልጅ የሳሳበት የእኛ የመስኮቱ ረድፍም፣ ልጅ እንደ ቆሎ የታጨቀበት የበሩ ረድፍም እኩል ሁለት ሁለት ሰው እንዲልክ ተወሰነ። የበሩ ረድፍ አኮረፈ። "በሕዝብ ብዛት የሚገባበት ሌላ ምክር ቤትማ አላቸው" አላቸው ቲቸር፤ "እኛ ግን ዴስክ ስለሌለን ዘለነዋል።" ሴኔቱ ሕግ ያወጣል፣ ፕሬዚዳንቱ ፈርሞ ያስፈጽማል፣ ፍርድ ቤቱ ይተረጉማል። ዳኛ የሆኑት ሦስት ልጆች ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጠው መንፈቁን ሙሉ የሚተረጎም ነገር ሲጠብቁ ከረሙ።

እኔ በዚያን ጊዜ ሴኔት ማለት መቶ ሽማግሌ ጋቢ ደርቦ አንድ ዋርካ ሥር የሚቀመጥበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ዋይት ሀውስ ሲባል ደግሞ ፕሬዚዳንቱ በየመስከረሙ መሰላል ላይ ወጥቶ በኖራ የሚቀባው ቤት አድርጌ ነው የማስበው። የሚመረጠውም ቤቱን በንጽሕና ስለሚይዝ መስሎኝ በሆዴ አደንቀዋለሁ። ስለዚህ ፕሬዚዳንት መሆን አልፈለግሁም። ከፍታ እፈራለሁ።

ፕሬዚዳንት መሆን የፈለገችው ጓደኛዬ ሉባባ ናት። የፈለገችውም ለክብር ብላ ሳይሆን ለበር ብላ ነው።

የትምህርት ቤታችን በር ባንዲራ ሲሰቀል ይዘጋል። ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ ቁልፉን አንዴ ካዞሩ የገዛ እናታቸው ቢመጡም አይከፍቱም። የሉባባ አባት ሸህ ሙሄ ደግሞ ቤታቸው ለሰፈሩ ሕፃናት ቁርአን ያስቀራሉ። ያን ዓመት ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት የሕፃናቱን የእንጨት ሰሌዳ እያየች የተሳሳተውን የምታርመው ሉባባ ነበረች። የመጨረሻው ሕፃን ሰሌዳ ሲያልቅ ባንዲራው ተሰቅሏል። በሩን ትደበድባለች፣ ትለምናለች፣ ትመለሳለች። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ጠርተው "ከእንግዲህ አንድ ቀን ከቀረሽ ሚኒስትሪ አትቀመጪም" አሏት። ሚኒስትሪ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ እሱን ያልተቀመጠ ሰው ዘጠነኛ ክፍልን በሕልሙ ነው የሚያያት።

አባቷ ይህን አያውቁም፤ ከበር የተመለሰች ቀን ሌላ ቦታ ውላ በሰዓቷ ነው ቤት የምትገባው። "ብነግራቸው ማስቀራቱን ይተዉታል" ትለኛለች። "እሱን ከተዉ ደግሞ ምን ይቀራቸዋል?" በዚያ ሰሞን ግማሹን ሰሌዳ ሳታይ ጥላ እየሮጠች ነበር የምትመጣው። ሕፃናቱ ቁርአኑን ሲቀሩ ይሳሳታሉ፣ ሸህ ሙሄም "ምን ነካቸው እነዚህ ልጆች?" እያሉ ያዝናሉ። እሷ መሐል ላይ ትቃጠላለች።

ቲቸር ጌታቸው ዳይሬክተሩን እንዴት እንዳግባባቸው እንጃ፤ ብቻ "ስለ ተማሪው በሥርዓቱ ተወያይተው የሚያወጡትን ሕግ አከብራለሁ" ብለው ቃል ገቡ። መቼም አይስማሙም ብለው ይመስለኛል። ይህን የሰማን ቀን እኔና ሉባባ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያው ድረስ እየዘለልን ነው የሄድነው። በር የሚከፍት ሕግ! ማን አስቦት ያውቃል?

ሸህ ሙሄ የአሜሪካን ወሬ የሚሰሙት ከእኔ ነበር። ክርስቲያን ብሆንም ከቤታቸው አልጠፋም። "ወላሂ" ማለትን የለመድኩት እዚያ ነው፤ እናቴ "አንቺ የማርያም ልጅ፣ ምን ነካሽ?" ትለኝ ነበር። ሸህ ሙሄ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ "እስቲ አሜሪካን አጫውቺኝ" ይሉኛል።

"ፕሬዚዳንቱ ያጠፋ እንደሁ ማን ይቆጣዋል?"

"ሌሎቹ ሁለቱ፣ አባባ ሸህ።"

"ሴኔቱስ ያጠፋ እንደሁ?"

"ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ይላል። ፍርድ ቤቱም ይሽርበታል።"

"ሦስት ጉልቻ ነዋ" አሉ፣ ረክተው። "አንዱ ከወለቀ ድስቱ ይደፋል። እነዚህ ሰዎች ወጥ ሠርተው ያውቃሉ።"

የሉባባ ተፎካካሪ የክፍል አለቃችን በኃይሉ ነበር። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣ፣ የደብተሩ ጫፍ እንኳ የማይታጠፍ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሥርዓት ይወድ ነበር እንጂ። "ኳስ አስገዛላችኋለሁ" ብሎ ቀሰቀሰ። እኔ የሉባባ ቀስቃሽ ሆንኩ። ከፍታ እፈራለሁ ያልኳችሁን እርሱትና ዴስክ ላይ ወጥቼ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩላት። ክፍሉ በሁለት ተከፍሎ ሲንጫጫ ከጎረቤት ክፍል አስተማሪ መጥቶ "ሰው ሞተ ወይ?" ብሎ ጠየቀን።

የምርጫው ዕለት ሁለቱ ከፊታችን ቆሙ። "በኃይሉን የምትመርጡ እጃችሁን አንሱ" አለ ቲቸር። ክፍሉ በሙሉ እጁን አነሳ። እኔ፣ የሉባባ ቀስቃሽ፣ አነሳሁ። ልጁ ዓይን ዓይኔን እያየኝ እንዴት አላነሳም? "እሺ፣ ሉባባን የምትመርጡ?" ክፍሉ በሙሉ እጁን አነሳ። በኃይሉ ራሱ አነሳላት። የቲቸር ጠመኔ ወደቀ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቲቸር፣ ይሉኝታ ነው" አለ ከኋላ አንድ ልጅ፣ በሽታውን ለሐኪም እንደሚናገር ሰው።

ቲቸር ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እናንተ አሜሪካን ብትረከቧት አንድ ወንበር ላይ ሁለት ፕሬዚዳንት ታስቀምጡ ነበር" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እዚያም ቢሆን ሰው የሚመርጠው ተከልሎ ብቻውን እንደሆነ፣ የማንን ስም እንደመረጠ ጎረቤቱም፣ አለቃውም፣ የትዳር ጓደኛውም የማየት መብት እንደሌላቸው ነገረን። እኔ ለካ ሰው እንዲህ በነፃነት መዋሸትም ይችላል ብዬ ተደነቅሁ።

በማግሥቱ ጥቁር ሰሌዳው ከግድግዳ ወርዶ መጋረጃ ሆነ። ከኋላው ማሰሮ ተቀመጠ። እያንዳንዱ መራጭ አንድ የተቆላ ባቄላና አንድ የተቆላ ሽምብራ ይሰጠዋል፤ የሚመርጠውን ማሰሮው ውስጥ ይከታል፣ የቀረውን ይበላል። ምልክት ስንመርጥ እኔ ዘልዬ ሽምብራን ለሉባባ ያዝኩላት። ክብ ናት፣ ታምራለች፣ ሰው ሁሉ ይወዳታል ብዬ። አቤት ሞኝነቴ! ሰው ሁሉ ስለሚወዳት ነው ጉድ የሠራችን። ከሰሌዳው ኋላ ቀርጨም የሚል ድምፅ ይሰማል፣ መራጩ አፉን እያንቀሳቀሰ ይወጣል። ሽምብራዋን እየበሉ ጥርስ የሚሰብረውን ባቄላ ማሰሮው ውስጥ ይወረውሩታል። አንዱማ ሁለቱንም በልቶ ከንፈሩን እየጠረገ ወጣ።

ማሰሮው ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ። ቲቸር አንድ በአንድ ለየ። በኃይሉ በአንዲት ባቄላ በለጠ።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ ሽምብራ በላተኞቹን በየስማቸው እየጠራሁ እራገማለሁ። ሉባባ ዝም።

"አንቺን ምን ዘጋሽ?" አልኳት።

"እኔም ባቄላ ነው የከተትኩት።"

መንገድ መሐል ቆምኩ። "ለማን?"

"ለበኃይሉ ነዋ። ለራስ እንዴት ይሰጣል? ነውር አይደል እንዴ?"

"ሉባባ፣ እዚያ ኋላ እኮ ማንም አያይሽም ነበር።"

"እኔ አያለሁ" አለች።

ያቺን አንዲት ባቄላ ሽምብራ ብታደርጋት ኖሮ በአንድ የምትበልጠው እሷ ነበረች። በቦርሳዬ ልመታት ቃጣሁና እንባዋን ሳይ ተውኩት። አቀፍኳት። ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ ሁለቱንም የበላው ልጅ ትዝ አለንና በእንባችን ላይ ሳቅን።

ነገሩ ግን ጨርሶ አላለቀም። በሳምንቱ ረድፎቹ ሴናተሮቻቸውን ሲልኩ የመስኮቱ ረድፍ እኔንና ሉባባን ላከ። ዐሥራ ሁለት ሴናተሮች በሁለት ዴስክ ተጣብቀን ተቀመጥን። ሕጉን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። "ቤቱ የግድ ሥራ ያለበት ተማሪ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ትምህርት እስኪጀመር ድረስ ይግባ።" ሰባታችን ደገፍን፣ አራቱ የበኃይሉ ኳስ ተጫዋቾች ተቃወሙ፣ ሉባባ እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም። ቢሆንም አለፈ። ጨፈርን።

ሕጉ ለፕሬዚዳንት በኃይሉ ቀረበ። ቆመና አነበበው። ደግሞ አነበበው። "አልፈርምም" አለ። "ለአንድ ሰው ተብሎ ሕግ አይወጣም። የኔ ታናሽ ወንድም ከበር ተመልሶ ሲያለቅስ የዋለ ጊዜ ማን ሕግ አወጣለት?"

እኛ ልናለቅስ ስንል ቲቸር ጌታቸው በደስታ ሊበር ደረሰ። "ቬቶ! ቬቶ አደረገ እኮ!" ጠመኔው መስኮቱን መታው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ አስረዳን፤ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ቢልም፣ ከሴኔቱ ሦስት እጅ ሁለቱ ከደገፈ ሕጉ በግድ ይጸድቃል። ከዐሥራ ሁለት ስምንት መሆኑ ነው። እኛ ሰባት ነን። "ዓርብ ድምፅ ትሰጣላችሁ፤ ስም እየተጠራ፣ ሰው እያየ" አለ። "መራጭ ይከለላል፤ የተመረጠ ሰው ግን አይደበቅም። የላኩት ሰዎች ምን እንዳደረገላቸው ማወቅ አለባቸው።"

ያን ሳምንት አራቱን ያልለመንኩበት ቦታ የለም። ሽንት ቤት በር ላይ እንኳ ጠበቅኋቸው። ንቅንቅ አላሉም። ስምንተኛዋ ሉባባ ብቻ ነበረች። እናቴ ጉዳዩን ስትሰማ "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል በያት" አለችኝ። አልኳት። "ደጃዝማችነት ምን ያደርግልኛል?" አለች ሉባባ። "እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነው የፈለግሁት።"

ሐሙስ ከሰዓት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ሳለ አባቷን ጠየቀቻቸው። "አባዬ፣ እናንተ ለሽምግልና ስትቀመጡ ባለጉዳዩ አብሮ ይፈርዳል?"

"እንዴት ተደርጎ" አሉ ሸህ ሙሄ። "ባለጉዳይ ይናገራል፣ ከዚያ ይወጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ አብሮ ቁጭ ብሎ፣ ዱአ አድርጎ፣ ሁሉም እስኪስማማ ይመክራል። ባለጉዳይ ከገባበትማ፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው።"

ሉባባ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

ዓርብ ዳይሬክተሩም መጥተው ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። መስኮቶቹ ላይ የሌላ ክፍል ልጆች ተንጠልጥለዋል። ቲቸር ስም መጥራት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ ሰባት ደረሰ። አራቱ "አልደግፍም" አሉ። የቀረው አንድ ስም ነው።

"ሉባባ ሙሄ።"

ቆመች። ከአራቱ አንዱ "ለራሷ ልትቆርስ ነው" ብሎ አጉረመረመ፣ ጥቂት ልጆች ሳቁ። እኔ ሳቁ ያስቀምጣታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አዎ፣ ባለጉዳይ ነኝ" አለች። "ባለጉዳይ አይፈርድም ይላሉ አባቴ። ግን እዚህ የላከኝ የመስኮቱ ረድፍ ነው። ዘሪቱ ውኃ ቀድታ ነው የምትመጣው። ጀማል ከብቶቹን አሰማርቶ ነው። የበኃይሉም ወንድም አለ። እኔ ዝም ካልኩ የእነሱንም አፍ ነው የምዘጋው።" ትንፋሽ ወሰደች። "ደግሞ ለራሴም ነው። ሚኒስትሪ መቀመጥ እፈልጋለሁ።"

እጇን አነሳች። እስከ ክርኗ ድረስ አነሳችና ቆም አደረገች፤ ከዚያ እስከ ላይ ድረስ ቀጥ አደረገችው።

ከዚያ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፣ ምክንያቱም የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ዴስክ ተገለበጠ። በመስኮት የተንጠለጠሉት ወደ ውስጥ ወደቁ። ዳኞቹ ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። ቲቸር ጌታቸው "ስምንት" የሚለውን ሰሌዳው ላይ ሊጽፍ ጠመኔ ቢፈልግ አጣ። ዳይሬክተሩ ተነሥተው ኮታቸውን አራገፉና "ቃል ቃል ነው። ከሰኞ ጀምሮ እንዲያስገባ ለእንድሪስ እነግረዋለሁ" አሉ። በኃይሉ መጥቶ ሉባባን ጨበጣት። "ወንድሜም ይገባል ማለት ነው?" አላት። "ይገባላ" አለችው።

ቤታቸው እስክንደርስ መሬት አልነካንም። ሸህ ሙሄ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ናቸው። ሉባባ በዓይኗ ዝም በይ ትለኛለች፤ እኔ ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ? ስለ ድምፁ፣ ስለ ቬቶው፣ ስለ በሩ፣ ከበር ስለ መመለሷ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስጨርስ ሸህ ሙሄ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር።

"ለእኔ ብለሽ ነው ከበር ስትመለሺ የከረምሽው?"

ሉባባ አጠገባቸው ተንበረከከች።

"ልጄ፣ አንድ አገር ሙሉ ከምታስቸግሪ ለእኔ አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ነውር መሰለኝ፣ አባዬ።"

ሸህ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ፈልገው ዳበሱት። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። "በቃ" አሉ። "ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣሉ። አንቺ ጠዋት በጊዜ ትሄጃለሽ። አለቀ።"

እሳቸው አለቀ ካሉ ያልቃል። በዚያ ቤት ከአለቀ በኋላ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሉባባማ ከ"እሺ አባዬ" ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

"አይሆንም፣ አባዬ" አለች።

እኔ ወደ ሸህ ሙሄ ዞርኩ።

"ከሰዓት ልጆቹም ይደክማቸዋል፣ እርስዎም ይደክምዎታል። ጠዋት ይሻላል። ሰሌዳቸውን ሁሉንም አይቼ ነው የምሄደው። በሩ ከእንግዲህ ይከፈትልኛል፤ እኔው ራሴ ነኝ ያስከፈትኩት።"

ሸህ ሙሄ ወደ ድምፅዋ ዞረው፣ የደከመ ዓይናቸውን እያጠበቡ፣ አዲስ ሰው እንደመጣባቸው ሁሉ ለማየት ሞከሩ። ከዚያ መቁጠሪያቸውን አነሡ።

"እሺ" አሉ።